ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የምስልና የቃል ዝምድና በፍለጋ ገጽ ላይ

የምዕራፉ ዓላማ

ይህን ምዕራፍ ተምራችሁ ስትጨርሱ፤
ሀ. የአስረጂ ድርሰትን ጠባይና አወቃቀር ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
ለ. ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የአንድን ስም መልክ እንዴት እንደሚለዋውጡ ታሳያላችሁ፤
ሐ. ለአንድ ፎቶግራፍ አጭርና የተሟላ መግለጫ ትጽፋላችሁ።

1. መግቢያ

ባለፈው ምዕራፍ የተማራችሁት ስለ ተራኪ ድርሰት ነበር። ተራኪ ድርሰት የተደረገውን ነገር እንደ አካሄዱ ሲተርክ፣ አስረጂ ድርሰት ግን አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ስለ ምን በዚያ መልክ እንደ ተሠራ ያብራራል። የአስረጂ ድርሰት ጸሐፊ የሚያውቀውን ሁሉ እንደ መጣለት አይዘረግፍም። ከሚያውቀው መካከል የሚጠቅመውን ይመርጣል፤ የመረጠውን አንባቢው ሊረዳው በሚችልበት ቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ ያሰለፈውንም በትክክለኛ ስሙ ይጠራል። እንግዲህ መምረጥ፣ ማሰለፍና መሰየም የአስረጂ ድርሰት ሦስት ዐበይት ተግባራት ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ምንባብ ስለ አንድ የዘመናችን መሣሪያ ያስረዳል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ምስል ስንፈልግ መልሱ የሚቀርብበት ገጽ ነው። ይህ ገጽ ጸሐፊ የሌለው ቢመስላችሁም፣ እርሱም መራጭ፣ አሰላፊና ሰያሚ አለው። ስታነቡ ይህን አትዘንጉ።

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

ሀ. አንድ ሰው አንድ ሺህ ፎቶግራፎች በጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ከመካከላቸው አንዱን ፈልጋችሁ እንድታወጡ ቢጠይቃችሁ፣ ፎቶግራፎቹን በምን ዓይነት ሥርዓት ትደረድሯቸዋላችሁ?
ለ. ከፎቶግራፍ ሥር የሚጻፍ ቃል ምን ይጠቅማል?

2. ምንባብ

በቃል የጠየቁትን በምስል መመለስ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምስል የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን የሚጽፈው በቃል ነው፤ መልሱን የሚቀበለው ግን በምስል ነው። በዚህ ምክንያት የምስል ፍለጋ ገጽ ከጽሑፍ ፍለጋ ገጽ የተለየ ጠባይ አለው። የጽሑፍ መልስ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይነበባል። ምስል ግን አይነበብም፤ ይታያል። ዓይን በአንድ አፍታ ብዙ ምስሎችን ቃኝቶ የማይፈልገውን ያልፋል፣ በሚስበው ላይም ያርፋል። ስለዚህ የገጹ ንድፍ አውጪ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። አንደኛው «በአንድ ጊዜ ስንት ምስል ላሳይ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከምስሉ ጋር ምን ያህል ቃል ልጻፍ?» የሚል ነው። ምስሎቹ ትልልቅ ቢሆኑ በሚገባ ይታያሉ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ ይገባሉ። ቢያንሱ ብዙዎች ይገባሉ፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ቃል ቢበዛ ቦታ ይጣበባል፤ ቃል ቢጠፋ ደግሞ ምስሉ የማን፣ የየትና የመቼ እንደ ሆነ አይታወቅም።

ይህን በአንድ ምሳሌ ለመረዳት የጉግልን የምስል ፍለጋ ገጽ ታሪክ እንመልከት። በፌብሩዋሪ 2000 በአሜሪካ በተደረገው የግራሚ ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ዘፋኟ ጄኒፈር ሎፔዝ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ታየች። ጉግልን ለብዙ ዓመታት የመሩት ኤሪክ ሽሚት በ2015 እንደ ጻፉት፣ ስለዚያ ቀሚስ የቀረበው ጥያቄ ድርጅቱ እስከዚያን ጊዜ ካየው የፍለጋ ጥያቄ ሁሉ የበለጠ ነበር። ይሁን እንጂ የፍለጋው ገጽ በዚያን ጊዜ የሚያቀርበው ጽሑፍና የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጠያቂው የሚሻውን በቀጥታ ሊያሳየው አልቻለም። ሕዝቡ የፈለገው ስለ ቀሚሱ ማንበብ ሳይሆን ቀሚሱን ማየት ነበር። የምስል ፍለጋው አገልግሎት በጁላይ 2001 ተከፈተ። ሲከፈት 250 ሚሊዮን ያህል ምስሎችን ያካተተ ነበር፤ በ2005 ቁጥሩ 1 ቢሊዮን ደረሰ፤ በ2010 ደግሞ ከ10 ቢሊዮን በለጠ።

የመጀመሪያው ገጽ አሠራር ቀላል ነበር። ምስሎቹ አንሰው በረድፍና በዐምድ ይደረደራሉ። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የፋይሉ ስም፣ የምስሉ መጠንና ምስሉ የተገኘበት ድረ ገጽ ይጻፋል። ፈላጊው አንዱን ገጽ አይቶ ሲጨርስ፣ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ኮምፒዩተር በዚያን ጊዜ ምስሉን ራሱን መርምሮ ምንነቱን የመለየት ችሎታው እጅግ ውሱን ስለ ነበረ፣ ፍለጋው የሚመራው በአመዛኙ በምስሉ ዙሪያ በተጻፈው ቃል ነበር። እንግዲህ ቃሉ ምስሉን ለማግኘትም፣ የተገኘውን ለማወቅም ያገለግል ነበር ማለት ነው።

በጁላይ 2010 ገጹ ታላቅ ለውጥ ተደረገለት። በምስሎቹ መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ጠበበ፤ ከሥራቸው የነበረው ጽሑፍ ተነሣ፤ እስከ 1,000 የሚደርሱ ምስሎችንም በአንድ ገጽ ላይ ወደ ታች እያንሸራተቱ ማየት ተቻለ። ፈላጊው የደረሰበትን ቦታ እንዳይስት የገጽ ቁጥሮች በየመካከሉ እንዲታዩ ተደረገ። ጽሑፉም ፈጽሞ አልጠፋም፤ የማውዙ ጠቋሚ በአንድ ምስል ላይ ሲያርፍ ምስሉ ጎላ ብሎ፣ ጽሑፉም አብሮት ብቅ ይል ነበር። ይህ ለውጥ ዓይንን በእጅጉ ጠቀመ፤ ፈላጊው ገጽ በመለወጥ ጊዜውን ሳያጠፋ ብዙ ምስል ለመቃኘት ቻለ። ይሁን እንጂ ጉድለትም አልታጣበትም። በጥድፊያ የሚመለከት ሰው ምስሉ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ያልፋል። ከዚህም ሌላ በእጅ ስልክ ላይ የማውዝ ጠቋሚ የለም፤ ጣት ወይ ይነካል፣ ወይ አይነካም። ስለሆነም ጠቋሚ ሲያርፍበት ብቻ ጽሑፍ የሚያሳይ ንድፍ ለስልክ የሚበጅ አይደለም።

በ2013 መጀመሪያ ሌላ ለውጥ መጣ። ፈላጊው አንዱን ምስል ሲመርጥ፣ ወደ ሌላ ገጽ ሳይሄድ ትልቁ ምስል በዚያው በፍለጋው ገጽ ላይ ይከፈትለት ጀመር። ይህ ለፈላጊው እጅግ የተመቸ ነበር። የድረ ገጽ ባለቤቶች ግን «ምስላችን ይታያል፤ እኛን የሚጎበኝ ግን ቀረ» ሲሉ አማረሩ። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የሚተዳደረው በሥራው ነውና፣ ስሙና ገጹ ካልታየ የድካሙን ዋጋ ያጣል። በፌብሩዋሪ 2018 ጉግል ጌቲ ኢሜጅስ ከተባለው የፎቶግራፍ ድርጅት ጋር ከተስማማ በኋላ፣ ምስሉን ለብቻው ነጥሎ የሚከፍተው ቁልፍ ከገጹ ተነሣ፤ ወደ ምስሉ መገኛ ድረ ገጽ የሚወስደው ቁልፍ ግን ቀረ። በዚያው በ2018 በእጅ ስልክ ከሚታየው ገጽ ጀምሮ ጽሑፉ እንደገና ከምስሎቹ ሥር ተጻፈ። ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣው ቃል ወደ ቦታው ተመለሰ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምስሉ መጠንና ስለ ቃሉ ነው። አሰላለፍም የራሱ ችግር አለው። ተመሳሳይ ምስሎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚጠቅም ይመስላል። በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ኬሪ ሮደንና ባልደረቦቿ በ2001 ባወጡት ጥናት ነገሩ ሁለት ገጽ እንዳለው አሳይተዋል። በቀለምና በመልክ የሚቀራረቡ ምስሎች ሲጎራበቱ፣ ፈላጊው የሚሻው ዓይነት ምስል በየትኛው ማዕዘን እንዳለ ለማወቅ ይቀለዋል። ነገር ግን ጎረቤታሞቹ ምስሎች እርስ በርስ ስለሚዋዋጡ፣ አንዱን ነጥሎ ማየት ይከብደዋል። በመግለጫ ቃላቸው መሠረት የተሰለፉ ምስሎች ደግሞ የክምችቱን ይዘት በትርጉም ከፋፍሎ ለመረዳት ይረዳሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ለሁሉ የሚበጅ አንድ አሰላለፍ እንደሌለና አሰላለፍ ሁሉ ከፈላጊው ዓላማ ጋር መስማማት እንዳለበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ የሚሰለፉት ምስሎች ያላቸው ኀይል ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተመራማሪዎች በ2015 የወጣ አንድ ጥናት፣ የልዩ ልዩ ሥራዎች ስም ሲፈለግ የወንዶችና የሴቶች ምስሎች በምን መጠን እንደሚቀርቡ መርምሯል። የድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ሲፈለግ፣ ከቀረቡት የመጀመሪያ 100 ምስሎች የሴቶቹ 11 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአገሪቱ በዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል ግን ሴቶቹ 27 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ በዚህ አላበቃም። የተለያየ መጠን ያላቸው ምስሎች የቀረቡላቸው ሰዎች፣ በሥራው ላይ ስንት ሴቶች እንዳሉ ሲጠየቁ፣ ግምታቸው ባዩት ገጽ በመጠኑ ይሳብ እንደ ነበር አረጋግጧል። ይህ ማለት የፍለጋ ገጽ ምስል ማሳየት ብቻ ሳይሆን ምስክርነትም ይሰጣል ማለት ነው። አንዲት ልጅ «መሐንዲስ» ብላ ስትፈልግ በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ እርሷን የመሰለ አንድም ሰው ካላገኘች፣ ማንም አንዳች ቃል ሳይናገራት ብዙ ነገር ተነገራት።

በጠቅላላው መልካም የምስል ፍለጋ ገጽ ሦስት ነገሮችን አስተባብሮ ይይዛል። ቤን ሽናይደርማን የተባሉት የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ በ1996 እንዳመለከቱት፣ ተመልካች መጀመሪያ ጠቅላላውን ይቃኝ፤ ቀጥሎ ወደሚሻው ቀርቦ የማይሻውን ያስወግድ፤ በመጨረሻም በጠየቀ ጊዜ ዝርዝሩን ያግኝ። በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። ምስሉ ከስሙና ከባለቤቱ አይነጠል፤ የተሰለፈውም በዓለም ላይ ያለውን ሳያዛባ ያሳይ። የገጹ ውበት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

3. የምንባቡ አወቃቀር

ምንባቡ በአስረጂ ድርሰት ሥርዓት የተዋቀረ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩንና ችግሩን ያስታውቃል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት አራት አንቀጾች አንድን ምሳሌ ይዘው በዓመታት ቅደም ተከተል ያስረዳሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው አንቀጽ ነገሩን አስፍተው ያሳያሉ። የመጨረሻው ደግሞ የተባለውን ይጠቀልላል። «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም ሌላ»፣ «ስለሆነም»፣ «እንግዲህ» የሚሉት አያያዥ ቃላትና ሐረጎች አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር ያስተሳስራሉ። «ይሁን እንጂ» ተቃራኒ ሐሳብ፣ «ስለሆነም» ውጤት፣ «ከዚህም ሌላ» ጭማሪ እንደሚያመለክት አስተውሉ።

4. የቃላት ፍች

ቃኘ — ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ ተመለከተ።
ረድፍ — ከጎን ወደ ጎን የተሰለፈ ነገር።
ዐምድ — በዚህ ምንባብ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰለፈ ነገር።
ንድፍ አውጪ — የአንድን ነገር ቅርፅና አሠራር አስቀድሞ የሚያሰናዳ ሰው።
ተዋዋጠ — አንዱ ሌላውን እንዳይታይ አደረገ።

5. ሰዋስው፦ አንድ ስም በብዙ መልክ

ምንባቡ ፈላጊው ጥያቄውን በቃል እንደሚጽፍ ገልጿል። ቃሉ የአማርኛ በሚሆንበት ጊዜ በቋንቋችን ጠባይ ምክንያት ሦስት ችግሮች ይነሣሉ።

ሀ. ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት። «ሥዕል» የሚለው ቃል በተለምዶ «ስዕል»፣ «ሥእል»፣ «ስእል» ተብሎም ይጻፋል። ለአንባቢ አራቱም አንድ ቃል ናቸው። ኮምፒዩተር ግን ካልተነገረው በቀር አራት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቈጥራቸዋል። አንዱ «ሥዕል» ብሎ የሰየመውን ሌላው «ስእል» ብሎ ቢፈልግ ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። በትክክለኛው ፊደል መጻፍ ለጽሑፍ ክብር ብቻ ሳይሆን ለመገኘትም ይጠቅማል።

ለ. ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ። «ጎንደር» የሚለውን ስም ውሰዱ። ዘርፍ ሲሆን «የጎንደር»፣ ተሳቢ ሲሆን «ጎንደርን»፣ ከመስተዋድድ ጋር ሲጣመር «በጎንደር»፣ «ከጎንደር»፣ «ለጎንደር» ይሆናል። ፍለጋው እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ ስም መመለስ አለበት። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፊደል ሁልጊዜ በመቁረጥ አይቻልም። «የ»ን እየቈረጥን ብንሄድ «የካቲት» «ካቲት» ይሆናል፤ «ከ»ን ብንቈርጥ «ከተማ» «ተማ» ይሆናል፤ «በ»ን ብንቈርጥ ደግሞ «በሬ» «ሬ» ሆኖ ይቀራል። የትኛው ፊደል የስሙ አካል፣ የትኛው ባዕድ እንደ ሆነ የሚለየው ሰዋስው በማወቅ ነው።

ሐ. መጥበቅና መላላት። «ዋና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ በውኃ ውስጥ የሚደረገውን ስፖርት፣ ጠብቆ ሲነበብ የበላይ ወይም ተቀዳሚ የሆነውን ነገር ያመለክታል። በፊደል ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ የዋናተኛ ፎቶግራፍ የፈለገ ሰው የዋና ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ቢቀርብለት አያስደንቅም። መልካም ገጽ ምስሎቹን በትርጉማቸው ለይቶ በሁለት ቡድን በማሳየት «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ፈላጊውም ሁለተኛ ቃል ቢጨምር፣ ለምሳሌ «የውኃ ዋና» ብሎ ቢጽፍ፣ የሚሻውን ቶሎ ያገኛል።

6. የድርሰት ትምህርት፦ የፎቶግራፍ መግለጫ አጻጻፍ

የፎቶግራፍ መግለጫ ከአስረጂ ድርሰት ሁሉ እጅግ አጭሩ ነው። አጭር ቢሆንም ለሦስት ዓይነት ሰዎች ያገለግላል። ምስሉን ገና ላልደረሰበት ፈላጊ መንገድ ያሳያል፤ ምስሉን ለሚመለከተው ምንነቱን ያስረዳል፤ ለዐይነ ስውር ደግሞ በምስሉ ምትክ ይቆማል፤ ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላቸው ይህንኑ መግለጫ ነውና። የሚከተሉትን ሁለት መግለጫዎች አወዳድሩ።

«ቆንጆ ቦታ 12»

«በጎንደር ከተማ የሚገኘው የዐፄ ፋሲል ግንብ ከፊት ለፊት ሲታይ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ማማዎች አሉት።»

የመጀመሪያው ስለ ጸሐፊው ስሜት እንጂ ስለ ምስሉ ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው ግን ምን፣ የት፣ መቼና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ስምና የተነሣበት ቀን ቢጨመርበት የተሟላ ይሆናል። ቀኑ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ «የትናንት ነው» ተብሎ ሰውን ሊያሳስት እንደሚችል አትርሱ።

ይህ ለመልመጃ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። በ2004 በተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለው የምስሎች ክምችት ውስጥ፣ ከ2019 ጀምሮ ለአንድ ምስል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር፣ አጭር መግለጫ መጻፍ ይቻላል። በአማርኛ ያልተሰየመ ምስል በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው እንደሌለ ያህል ሊሆን ይችላል።

7. መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. የምስል ፍለጋ ገጽ ከጽሑፍ ፍለጋ ገጽ የሚለየው በምንድን ነው?
2. በ2010 የተደረገው ለውጥ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት ጥቀሱ።
3. በ2018 ጽሑፉ ወደ ምስሉ ሥር መመለሱ ለማን ለማን ይጠቅማል? ምክንያት ስጡ።
4. «የፍለጋ ገጽ ምስክርነትም ይሰጣል» የተባለው ስለ ምንድን ነው? በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁ?

ለ. ከሚከተሉት ቃላት የመጀመሪያው ፊደል ባዕድ መነሻ የሆነባቸውንና የስሙ አካል የሆነባቸውን በሁለት ዝርዝር ለዩ።
የጣና፣ በቅሎ፣ ከአክሱም፣ ከበሮ፣ በባሕር፣ የብስ፣ ለሐረር፣ ለምለም

ሐ. «ገና» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ አላልታችሁ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ አንብቡ። በሁለቱም ፍች ዐረፍተ ነገር ሥሩ። ቀጥሎም በዓሉን ብቻ ለማግኘት በፍለጋ ገጽ ላይ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ አመልክቱ።

መ. ስለ ትምህርት ቤታችሁ ወይም ስለ ቀበሌያችሁ ስድስት ፎቶግራፎች በአንድ ገጽ ላይ ልታሳዩ ነው እንበል። የትኞቹን ስድስት እንደምትመርጡ፣ የትኛውን በመጀመሪያው ረድፍ እንደምታስቀምጡና ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንደምትጽፉ በሦስት አንቀጽ አስረዱ። ስትጨርሱ ደብተራችሁን ከጎረቤታችሁ ጋር ተለዋውጡና ይህን ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፦ አካባቢውን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይህን ገጽ ብቻ ቢያይ ስለ አካባቢው ምን ያምናል? ያመነውስ እውነት ነው?